ታንኩን የመታው ሽቦው ነው ወይስ እጁ?

(ወታደራዊ ታሪክ ለሚወዱ ሰዎች በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰላም ለሁላችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

ስለ 1973ቱ የአረቦችና የእስራኤል ጦርነት ሲወራ አንድ ታሪክ ሁሌም ይነሳል። የግብፅ እግረኛ ወታደር ሻንጣ አዝሎ የስዊዝ ቦይን ተሻገረ፣ ከሻንጣው ውስጥ ሚሳይል አወጣ፣ የእስራኤልን ታንክ ከሁለትና ከሦስት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አነደደው፣ ከዚያ በኋላ የታንክ ነገር አበቃለት ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ወታደሩም፣ ሻንጣውም፣ የነደዱት ታንኮችም እውነት ናቸው። የታንክ ነገር አበቃለት የሚለው ግን ልክ አይደለም። ሚሳይሉ ብቻውን ያን ሁሉ ሠራ ማለትም ልክ አይደለም። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህን ነው። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ በሽቦ የሚመሩ ሚሳይሎች ጉልበታቸው ያለው በብረቱ ውስጥ ሳይሆን በተኳሹ እጅና ከኋላ በነበረው ዕቅድ ውስጥ ነው። ያ ሲጎድል መሣሪያው ባዶ ይሆናል። ይህ ደግሞ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም፣ በጦር ሜዳ በተደጋጋሚ ታይቷል።

መጀመሪያ መሣሪያውን ከቅርብ እንየው።

ማልዩትካ ይባላል። ምዕራባውያኑ ሳገር የሚል መጠሪያ ሰጥተውታል። ኮሎምና በምትባል ከተማ በሶቪየት መሐንዲሶች ተሠርቶ በ1963 ወደ ጦሩ ገባ። ሚሳይሉ 11 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር አይሞላም። የሚቀመጠው በፋይበር ግላስ ሻንጣ ውስጥ ነው። ወታደሩ ሻንጣውን ጀርባው ላይ ያዝለዋል። የሚፈነዳው ራስ ከአካሉ ተለይቶ ይቀመጥና ቦታው ላይ ሲደረስ ይገጠማል። የሻንጣው ክዳን ደግሞ መሬት ላይ ተቀምጦ መተኮሻ መደብ ይሆናል። ጎበዝ ቡድን ይህን ሁሉ በአምስት ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል።

ቡድኑ ሦስት ሰው ነው። ሁለቱ ሚሳይሎቹን ይሸከማሉ። ሦስተኛው ዋናው ተኳሽ ነው። እሱ የሚይዘው መቆጣጠሪያ ሳጥኑን ነው። ሳጥኑ ላይ ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ ፔሪስኮፕና አንዲት ትንሽ እጀታ አሉ። ከአንድ ሳጥን ጋር እስከ አራት ሚሳይል ማገናኘት ይቻላል። ተኳሹ ሚሳይሉ አጠገብ መሆን የለበትም፣ እስከ 15 ሜትር ድረስ ፈቀቅ ብሎ ጉድጓድ ውስጥ መተኛት ይችላል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሚሳይሉ ሲነሳ አቧራና ጭስ ይታያል። የታንኩ ሰዎች ያንን አቧራ ዒላማ አድርገው ይተኩሳሉ። ሰውዬው ግን እዚያ የለም።

ሽቦውስ? ሚሳይሉ ውስጥ የተጠቀለለ በጣም ቀጭን ሽቦ አለ። ሚሳይሉ በበረረ ቁጥር ከራሱ ሆድ እየተፈታ ከኋላ ይቀራል፣ ስለዚህ ሽቦው አይጎተትም፣ ሚሳይሉንም አይዝም። ተኳሹ እጀታውን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲያንቀሳቅስ ትእዛዙ በኤሌክትሪክ መልክ በሽቦው ላይ ሄዶ ሚሳይሉን ያዞረዋል። ሬዲዮ ስለሌለው በሬዲዮ ማፈን አይቻልም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን አንድ ጥያቄ ይነሳል። ማልዩትካ በሰከንድ 115 ወይም 120 ሜትር ገደማ ነው የሚበረው። የታንክ መድፍ ብረት መብሳት የሚችለው ጥይቱ በሰከንድ ከ1,400 ሜትር በላይ ስለሚወረወር ነው። ታዲያ እንዲህ ቀርፋፋ የሆነ ነገር እንዴት ታንክ ይበሳል? መልሱ ሚሳይሉ በፍጥነቱ አለመብሳቱ ነው። የሚፈነዳው ራስ ውስጥ ሾጣጣ የመዳብ ሽፋን አለ። ፈንጂው ከኋላው ሲፈነዳ ያ መዳብ ተጨምቆ እንደ ቀጭን ጦር ወደፊት ይወረወራል፣ የብረቱንም ልባስ ሰንጥቆ ያልፋል። የሚሳይሉ ፍጥነት ለዚህ ምንም አያደርግለትም። ቀስ ብሎም ይድረስ፣ ከደረሰ ይበሳል። ማልዩትካ 400 ሚሊ ሜትር ያህል ብረት ይበሳል ይባል ነበር። በጊዜው እስራኤል የነበሯት ኤም-48፣ ኤም-60 እና ሴንቱሪዮን ታንኮች ፊት ለፊታቸው እንኳ ያን ያህል ውፍረት አልነበራቸውም።

በአንድ ሰው ጀርባ የሚታዘል ዕቃ ሃምሳ ቶን የሚመዝን ታንክ ከሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ማቆም ቻለ ማለት ነው። ከዚያ በፊት እግረኛው የነበረው ትከሻ ላይ ተደግፈው የሚተኮሱት ባዙቃና አር.ፒ.ጂ. ነበሩ። እነሱ ደግሞ ጥቂት መቶ ሜትር ነው የሚደርሱት።

ሐሳቡ የመጣው ግን ከሶቪየት አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ጀርመኖች ኤክስ-7 የሚባል በሽቦ የሚመራ ትንሽ ፀረ-ታንክ ሚሳይል ሠርተው ነበር። ማክስ ክራመር የተባለው መሐንዲስ ነው የነደፈው። ጦርነቱ ቀድሞት አለቀ፣ በውጊያ ላይ ስለመዋሉም አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ፈረንሳዮች ያንን ሥራ አንስተው ኤስ.ኤስ-10 አደረጉት። 15 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን፣ 1,600 ሜትር ያህል የሚደርስ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ አገልግሎት ላይ ዋለ። እስራኤል ገዛችው፣ በ1956 ሲና ላይም ይዛው ገባች። አሜሪካኖች ዳርት የሚባል የራሳቸውን ሚሳይል ጀምረው ስላልሆነላቸው በ1958 ትተውት የፈረንሳዩን ኤስ.ኤስ-10 ገዙ። ቀጥሎ ኤስ.ኤስ-11 እና ኢንታክ መጡ። እንግሊዞች ቪጂላንትን ሠሩ። አውስትራሊያኖች ማልካራን ሠሩ፣ እሱ ራሱ ብቻ 26 ኪሎ ግራም የሚፈነዳ ራስ የተሸከመ ግዙፍ ነገር ነበር። ፈረንሳዮች ኤስ.ኤስ-11ን በሄሊኮፕተር ጭነው በአልጄሪያ ዋሻዎች ላይ ተኮሱበት። ለታንክ የተሠራ መሣሪያ መጀመሪያ በደንብ የተሞከረው ዋሻ ውስጥ በተሸሸጉ ሰዎች ላይ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይከብዳል።

ሁሉም ሚሳይሎች አንድ የጋራ ችግር ነበረባቸው። የንግግሬም ልብ እዚህ ላይ ነው።

ተኳሹ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ማየት አለበት። አንደኛው ታንኩ ነው። ሁለተኛው ከሚሳይሉ ጅራት ላይ የሚበራው የእሳት ነጥብ ነው። ሥራው ያቺን ነጥብ በዓይኑና በታንኩ መካከል ባለው መስመር ላይ ማኖርና እስከመጨረሻው ከዚያ አለማስነቀል ነው። ሚሳይሉ ከመሬት ሲነሳ ዝም ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ተኳሹ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ወደ መስመሩ ያስገባዋል፣ ይህ በራሱ የመጀመሪያዎቹን 500 ሜትር ይበላል። ለዚህ ነው ማልዩትካ ከ500 ሜትር ወዲህ የማይሠራው። እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት በባዶ ዓይን ይመራል፣ ከዚያ በላይ ወደ ፔሪስኮፑ ይዞራል። እጀታዋን ትንሽ አብዝቶ ከገፋት ሚሳይሉ መሬት ይወጋል። ፈርቶ በኃይል ከመለሳት ሰማይ ይወጣል። በሚሮጥ መኪና ላይ ተቀምጦ መርፌ ውስጥ ክር እንደማስገባት ነው። ያውም ሰው እየተኮሰብህ።

ጊዜውን አስቡት። ለሦስት ኪሎ ሜትር 25 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። ቁጭ ብላችሁ 25 ሰከንድ ቁጠሩ። ረጅም ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ታንክ 200 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከኮረብታ ኋላ ገብቶ ሊደበቅ ይችላል። ሚሳይሉን ያየ ታንክ ደግሞ መድፉን አዙሮ ሊተኩስ ይችላል፣ የእሱ ጥይት በሁለትና በሦስት ሰከንድ ይደርሳል። ተኳሹ ጥይት ሲወርድበት ዓይኑን ከመነጽሩ ለአፍታ ካነሳ ሚሳይሉ ጠፋ ማለት ነው።

ይህን ለመቻል ምን ያህል ልምምድ ያስፈልጋል? የአሜሪካ ጦር ከ1973 በኋላ ባወጣው ግምት አንድ የማልዩትካ ተኳሽ ብቁ እንዲሆን በሲሙሌተር (እውነተኛውን ተኩስ በሚያስመስል መለማመጃ መሣሪያ) 2,300 ያህል ጊዜ መተኮስ አለበት። ያም አይበቃም፣ እንዳይረሳ በየሳምንቱ ከ50 እስከ 60 ጊዜ መደጋገም አለበት። ሚሳይሉ ርካሽ ነበር። ውዱ ሰውየው ነው።

በ1967 ግብፅ ሲና ላይ ሽመል የሚባል ከማልዩትካ የቀደመ የሶቪየት ሚሳይል ነበራት። በመኪና ላይ የተጫነ፣ በሽቦ የሚመራ ነው። ይህ ነው የሚባል ነገር አልሠራም። ብዙው ሳይተኮስ ተማረከ። በስድስት ቀን የተደመደመው ጦርነት ላይ ፀረ-ታንክ ሚሳይል የሚለው ስም ጭራሽ አልተነሳም ማለት ይቻላል። እስራኤሎችም ከዚያ የወሰዱት ትምህርት ታንክ ብቻውን፣ በፍጥነት፣ በድፍረት ከሄደ የሚያቆመው የለም የሚል ነበር። እግረኛውን፣ ሞርታሩን፣ መድፉን ችላ አሉ። ገንዘቡ ለታንክና ለአውሮፕላን ሄደ። ይህን ትዕቢት ብቻ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን አሸናፊ ሠራዊት ሁሉ የሚወድቅበት ወጥመድ ይመስለኛል፣ ባለፈው ያሸነፈበትን ነገር ለወደፊቱም ይይዘዋል።

ማልዩትካ ራሱ በውጊያ የታየው መጀመሪያ ሲና ላይ አይደለም፣ ቬትናም ነው። ሚያዝያ 1972 ላይ የሰሜን ቬትናም ወታደሮች በደቡብ ቬትናም ኤም-48 ታንኮች ላይ ተኮሱት። ታንከኞቹ መጀመሪያ ላይ ምን እንደመጣባቸው አልገባቸውም፣ አንዳንዶቹ ቆመው እያዩት ነበር የሚመቱት። ጥቂት ቆይተው ግን ማን እንደሚተኩስባቸው ለዩ፣ ወደዚያ መተኮስም ጀመሩ። ዜናው ሲና ድረስ በሚገባው ልክ አልተሰማም።

ወደ ስዊዝ እንሂድ።

ጥቅምት 6 ቀን 1973። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 26 ቀን 1966። ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ግብፅ ጥቃቱን ከፈተች። አምስት እግረኛ ክፍለ ጦሮች ቦይውን መሻገር ጀመሩ። የኤታ ማዦር ሹሙ ጄኔራል ሳአድ ኤል ሻዝሊ ዕቅድ ያረፈው በአንድ ስሌት ላይ ነበር። ድልድዮቹ ተዘርግተው የግብፅ ታንኮች እስኪሻገሩ ድረስ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የእስራኤል ታንኮች እንደሚመጡ እርግጥ ነው። ስለዚህ ታንክ የሌለው እግረኛ ታንክን ራሱ ተቋቁሞ ማደር አለበት።

እንዴት? መጀመሪያ ከኋላ ካሉ ክፍሎች ሚሳይሎችን ሰብስበው ለሚሻገሩት ሰጡ። ወታደሮቹ መሸከም የሚችሉትን ያህል ተሸከሙ፣ የቀረውን በእጅ በሚጎተቱ ትናንሽ ጋሪዎች ላይ ጭነው በአሸዋው ላይ ሳቡት። ሚሳይሉ የማይደርስበትን ቅርብ ርቀት አር.ፒ.ጂ-7 የያዙ ሰዎች ሸፈኑት፣ ይህ ማለት ታንኩ ከሩቅ ቢያመልጥ ቅርብ ላይ ሌላ ሰው ይጠብቀዋል። ከምዕራቡ ዳርቻ ደግሞ ግብፃውያኑ ለዓመታት የቆለሉት ከፍ ያለ የአሸዋ ግንብ ነበር። እዚያ አናት ላይ ታንኮችና ሚሳይሎች ተቀምጠው ምሥራቁን ዳር ቁልቁል እያዩ ይተኩሱ ነበር። ከላይ የአየር መከላከያ ሚሳይሎቹ የእስራኤልን አውሮፕላኖች አርቀው ይዘዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ልምምዱ ነው። የግብፅ ማልዩትካ ተኳሾች ሲሙሌተር በጭነት መኪና ግንባር ድረስ እየመጣላቸው እስከ ጦርነቱ ዋዜማ ይለማመዱ ነበር። አንድ ሰው አንድ ሥራ ተሰጥቶት ያንኑ ደጋግሞ ሠራ። ስለ ግብፅ ወታደር ያኔ በንቀት ይወራ የነበረውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከገበሬ ቤት የወጡ ወጣቶች፣ ለአንዲት እጀታ ሲሉ ዓመታት አፈሰሱ። ክብር የሚገባው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

የእስራኤል ታንኮች መጡ። እንደታሰበውም መጡ፣ በጥቂት በጥቂት ሆነው፣ ያለ እግረኛ፣ በፍጥነት፣ በባር-ሌቭ መስመር ላይ፣ ማለትም በቦይው ምሥራቅ ዳር በሠሩት የምሽግ ሰንሰለት ላይ፣ የተከበቡ ምሽጎቻቸውን ለማዳን። ታንኮቹ ለመተኮሻ ወዳዘጋጁት የአሸዋ ተዳፋት ሲደርሱ ቦታው ተይዟል። ግብፃውያኑ ቀድመዋቸው ገብተዋል። ሲና ላይ የነበረው የጄኔራል አልበርት ማንድለር ክፍለ ጦር ጥቃቱ ሲጀመር 280 ገደማ ታንኮች ነበሩት። በማግስቱ ጠዋት ለውጊያ የሚሆኑት 110 ያህል ብቻ ነበሩ። ሁሉም ተቃጥለው አይደለም፣ ረግረግ ውስጥ የሰጠሙም፣ ተጎድተው የቆሙም ነበሩ። ቢሆንም በአንድ ሌሊት ነው።

ጥቅምት 8 የባሰ ሆነ። የጄኔራል አቭራሃም አዳን ክፍለ ጦር መልሶ ማጥቃት ሞከረ። በፊርዳን ድልድይ አቅጣጫ የሄደው ሻለቃ ቀጥታ ወደተዘጋጀለት ወጥመድ ገባ። የሻለቃው አዛዥ አሳፍ ያጉሪ ተማረከ፣ የግብፅ ቴሌቪዥንም አሳየው። የግብፅ ሁለተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ታንኮቹ እስኪጠጉ ታግሶ ከሦስት ወገን ነበር የተኮሰባቸው። በሚሳይል፣ በአር.ፒ.ጂ.፣ በታንክ፣ በመድፍ። ከዚህ ጦርነት የወጣው ትልቁ የግብፅ ጀግና ሞሐመድ አብድ አል-አቲ የሚባል የማልዩትካ ተኳሽ ነው። በአገሩ ታንክ አዳኙ ይሉታል፣ 23 ታንክ መምታቱም ይነገርለታል። ቁጥሩ የግብፅ ወገን ቁጥር መሆኑን ልብ በሉ። ቁጥሩ ቢቀንስ እንኳ ሰውየው ምን ዓይነት እጅ እንደነበረው መገመት አያዳግትም።

(እግረ መንገዴን፣ ይህ ጦርነት ወደ እኛም ደርሷል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ለዓመታት የቅርብ ወዳጁ ከነበረችው ከእስራኤል ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነቱን ያቋረጠው እዚያው ጦርነት ውስጥ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1973 ነው።)

ታሪኩን የሚያወሩ ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ጦርነቱ ግን ገና 17 ቀን ገደማ ይቀረው ነበር።

የእስራኤል ታንከኞች በጥቂት ቀናት ውስጥ ተማሩ። በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ አንድ ሰው ሥራው አድማሱን ማየት ብቻ ሆነ። አቧራ ወይም ያቺን የእሳት ነጥብ ሲያይ በሬዲዮ "ሚሳይል!" ብሎ ይጮኻል። ሁሉም ታንክ ወዲያው ይነቃነቃል፣ ወደፊትም ወደኋላም እያለ አቧራ ያስነሳል፣ ሌሎቹ ሚሳይሉ ወደተነሳበት አካባቢ መትረየስ ያርከፈክፋሉ። ቅድም ያልኳችሁን 25 ሰከንድ አስታውሱ። ተኳሹን መግደል አያስፈልግም። ጭንቅላቱን ለሦስት ሰከንድ ማስደፋት ይበቃል። ሞርታርና መድፍ ደግሞ ተመልሶ ዋጋ አገኘ፣ ጉድጓድ ውስጥ ለተኛ ሰው ከሰማይ የሚወርድ ፍንጣሪ ከታንክ ጥይት የበለጠ ያስፈራል።

ታንከኞቹ ከሚያወሩት ውስጥ ከአእምሮዬ የማይወጣው አንድ ነገር አለ። ከውጊያ ሲመለሱ ታንኮቻቸው ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች ተጠምጥመው ያገኙ ነበር። እያንዳንዱ ሽቦ የሳተ ሚሳይል ነው። በላያቸው አልፎ የሄደ፣ ወይም አጠገባቸው መሬት የወጋ። አንድ ታንክ ላይ ብዙ ሽቦ ይገኝ ነበር። በመጽሐፍ ላይ ማልዩትካ ከአሥር ስድስት፣ አንዳንዴም ዘጠኝ ይመታል ተብሎ ተጽፎ ነበር። ጦር ሜዳ ላይ ግን ጎበዝ ተኳሽ ከአራት አንድ ከመታ ትልቅ ነገር ነው። ያልሠለጠነ ወይም የተተኮሰበት ሰው ከሃምሳ አንድም ላይመታ ይችላል።

ጥቅምት 14 ላይ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ግብፅ በሶርያ ግፊት ታንኮቿን በሲና በረሃ ውስጥ ወዳሉት የተራራ መተላለፊያዎች አስወጣች። ሻዝሊ ተቃውሞ ነበር፣ አልተሰማም። ከአየር መከላከያው ጥላ ወጡ፣ ከቆፈሩት ጉድጓድ ወጡ። አሁን የሚጠብቁት እስራኤሎቹ ሆኑ። ግብፅ በዚያ አንድ ቀን ከ200 በላይ ታንክ አጣች። ብዙውን የመታው የእስራኤል ታንክ መድፍ ነው፣ ፈረንሳይ-ሠራሹ ኤስ.ኤስ-11ም ድርሻ ነበረው። ይኸው ማልዩትካ፣ እነዚያው ተኳሾች። ሲያጠቁ ግን ምን ይጠቅማል? ሻንጣ ከፍቶ አምስት ደቂቃ የሚፈልግ መሣሪያ ሲሮጡ አይተኮስም። ለመከላከል የተሠራ ነው።

ለሁለቱም ወገን ግን ዋጋው ከባድ ነበር። ከጥቅምት 15 እስከ 17 የቻይና እርሻ በሚባለው ቦታ ላይ እስራኤሎች ወደ ቦይው የሚወስደውን መንገድ ለመክፈት ፓራሹቲስቶችን ላኩ። መንገዱን የዘጉት የግብፅ ፀረ-ታንክ ቡድኖች ነበሩና ሌሊት በእግረኛ ሊያጸዷቸው አስበው ነው። 890ኛው ሻለቃ 40 ገደማ ሰው አጣ። ታንክ ብቻውን ይበቃል ያለው ሠራዊት በመጨረሻ ለታንኩ መንገድ እንዲከፍቱለት በእግር የሚሄዱ ልጆችን ላከ።

ከጦርነቱ በኋላ የተመቱት ታንኮች ሲመረመሩ ብዙዎቹን የመታው የታንክ መድፍ ሆኖ ተገኘ። የሚሳይሎች ድርሻ በአብዛኛው ግምት ከሩብ አይበልጥም። ታዲያ ማልዩትካ ምንም አልሠራም ማለት ነው? አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት፣ እግረኛው ታንክ ሳይኖረው መቆም በነበረበት ሰዓት፣ አቁሞታል። ታንኩን ባይመታው እንኳ አቀዝቅዞታል፣ አዙሮታል፣ ከሩቅ እንዲቆም አድርጎታል። በዚያች ሰዓት ድልድይ ተዘርግቷል፣ የግብፅ ታንክ ተሻግሯል። አንድ መሣሪያ ውጤቱ የሚለካው በገደለው ቁጥር ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ አይታይም። ስለዚህ "ስንት ታንክ መታ?" የሚለውን ጥያቄ ብዙም አልወደውም። "ስንት ሰዓት ገዛ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ዓለምም ነገሩን አይቶ መንገዱን ቀየረ። የመጀመሪያው ለውጥ ከተኳሹ እጅ ላይ ሸክሙን ማንሳት ነበር። የአሜሪካው ቶው እና የፈረንሳይና የጀርመን ሚላን እንዲሁ በሽቦ የሚመሩ ናቸው፣ ግን ተኳሹ መነጽሩን ታንኩ ላይ ማኖር ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ሚሳይሉን የሚከታተለውና የሚያስተካክለው መሣሪያው ነው። ሶቪየቶችም ማልዩትካን በዚያው መንገድ አሻሻሉት። ሺዎች ልምምድ የጠየቀው ሥራ በአጭር ሥልጠና የሚያዝ ሆነ። ሁለተኛው ለውጥ ብረቱ ላይ ነው። እንግሊዞች በ1976 ቾባም የተባለውን ድርብ ልባስ አስተዋወቁ። እስራኤሎች በ1982 ሊባኖስ ሲገቡ ታንኮቻቸው ላይ የሚፈነዱ ሳጥኖች ለጥፈው ነበር፣ ሚሳይሉ ሲነካቸው ወደ ውጭ ፈንድተው ያንን የመዳብ ጦር ይበትኑታል። ታንክ ሞተ ከተባለ ከአሥር ዓመት በኋላ ታንክ ይሠራ ነበር፣ አሁንም ይሠራል። ማልዩትካም አልሞተም፣ ቻይናና ኢራን የራሳቸውን ቅጂ ሠርተውለታል።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ አንድ ወንድማችን ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ። "ዛሬ ሁሉም ነገር በሬዲዮና በሳተላይት በሚመራበት ዘመን ሽቦ ምን ይሠራል?" አለኝ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ መልሱ ነው። ሽቦ አይታፈንም። በዩክሬን ጦርነት የሬዲዮ ማፈኛው እየበረታ ሲሄድ ከ2024 ጀምሮ ሩሲያዎች፣ ቀጥለውም ዩክሬኖች፣ ከኋላቸው ቀጭን የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ እየፈቱ የሚበሩ ድሮኖች በብዛት ማሰማራት ጀመሩ። ገመዱ እንደ ማልዩትካ ከራሱ ከሚበረው ነገር ላይ ነው የሚፈታው። አሥር ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ትልቁ ልዩነት ካሜራው ያለበት ቦታ ነው። የማልዩትካ ተኳሽ ከኋላ ሆኖ ሚሳይሉንም ታንኩንም በአንድ ጊዜ ማየት ነበረበት። የድሮኑ ሰው ግን የሚያየው ከድሮኑ አፍንጫ ላይ ነው፣ ስለዚህ ታንኩን ብቻ ማየት ይበቃዋል፣ ተኩስ ሲበረታበትም ምድር ቤት ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። እሱም ቢሆን ግን ከመሠማራቱ በፊት ሲሙሌተር ላይ ብዙ ሰዓት ይቀመጣል።